«ሲስተም የለም» ላለማለት፦ ራሱን እያስተካከለ የሚሠራ ሶፍትዌር ከየት ይጀመራል?

ጥያቄው፦ «አምስት ሰዎች ነን። ለአንድ የገንዘብ ማስተላለፊያ አገልግሎት ሲስተም እንሠራለን። ደመወዝ በሚገባበት ቀንና በበዓል ዋዜማ ይጨናነቅብናል። በሌሊት እየተነሳን ሰርቨር መጨመር ሰልችቶናል። እየሠራ ራሱን የሚያይና የሚያስተካክል አድርገን ልንቀርጸው እንፈልጋለን። ሲስተም ራሱን ስለሚያስተካክልበት ዙር፣ ሜፕ-ኬ ስለሚባለው፣ አንብበናል፤ ወደ ሥራ ሲገባ ግን ግራ ገባን። ማሽን ለርኒንግ፣ ካለፈው ዳታ ራሱ የሚማር ፕሮግራም፣ ያስፈልገናል? እየሠራ ያለን ክፍል ሳናቆም መቀየርስ ይቻላል?»

ምላሽ፦

ሌሊቱን አውቀዋለሁ። ስልክ ይጮሃል። ላፕቶፕ አልጋ ላይ ይከፈታል። በግማሽ ዓይን አንድ ቁጥር ይቀየራል። ጠዋት ላይ ማን ምን እንደቀየረ የሚያስታውስ የለም። ይህን ሥራ ለማሽን መስጠት መፈለጋችሁ ትክክል ነው።

ቅደም ተከተሉን ግን አደራ። ሲስተሙን ብልህ ከማድረጋችሁ በፊት ልጓም አብጁለት። ብዙ ቡድን ከብልሃቱ ይጀምርና ልጓሙን «በኋላ እናየዋለን» ይላል። እኔም እንደዚያው ነበርኩ። ስለዚህ ከራሴ ልጀምር።

ከጥቂት ዓመታት በፊት የእናንተን የመሰለ ሲስተም ላይ እሠራ ነበር። የማን እንደሆነ ይቅር። ፕሮግራማችን በ4 ኮፒ ይሠራል፤ ያው አንዱ ፕሮግራም አራት ቦታ ተነስቶ ሥራውን ይካፈላል ማለት ነው። የምላሽ ጊዜው ከ2 ሰከንድ ሲያልፍ ሌላ ኮፒ የሚያስነሳ አስተካካይ ጻፍን። ጣሪያውን 12 አደረግነው። ሞከርነው፣ ሠራ፣ ደስ አለን። ከዚያ የወሩ መጨረሻ መጣ።

የሒሳብ ክፍሉ አንድ ትልቅ ሪፖርት አዘዘ። ሪፖርቱ ዳታቤዙን አንቆ ያዘው። ዳታቤዙ ሲዘገይ ፕሮግራሙም ዘገየ። አስተካካያችን ይህን አየና «ሰው በዝቷል» ብሎ ደመደመ። ሰው ግን አልበዛም ነበር። አምስተኛ ኮፒ አስነሳ።

አሁን ቁጥሩን ተመልከቱ። እያንዳንዱ ኮፒ ሲነሳ ወደ ዳታቤዙ 20 ኮኔክሽን፣ ማለትም የመገናኛ መስመር፣ ይከፍታል። 4 ሲባዛ በ20፣ 80። ዳታቤዛችን ፖስትግሬስ የሚባለው ነበር፤ ካልነካችሁት የሚቀበለው 100 ነው። ከዚያ ላይ 3ቱ ለአስተዳዳሪው የተያዙ ናቸው። ለእኛ የቀረው 97 ማለት ነው። አምስተኛው ኮፒ ሲመጣ 100 ተጠየቀ። በሩ ተዘጋ፣ ስህተት መዝነብ ጀመረ። ስህተቱ የምላሽ ጊዜውን አባሰው። አስተካካዩም ስድስተኛ ጨመረ። ሰባተኛ። ስምንተኛ።

በዚህ ላይ ሌላ ጉድ ነበረ። ኮፒዎቹን የሚያስነሳውና የሚጠብቀው ኩበርኔቲስ የሚባል ሶፍትዌር አንድ ኮፒ በሕይወት መኖሩን እየጠየቀ ያጣራል። ካልቀየራችሁት በየ10 ሰከንዱ ይጠይቃል፤ በተከታታይ 3 ጊዜ መልስ ካጣ ገድሎ እንደገና ያስነሳዋል። እኛ ደግሞ «አለህ ወይ?» የሚለውን ጥያቄ ዳታቤዙን ነክቶ እንዲመልስ አድርገነው ነበር። ስለዚህ ዳታቤዙ ሲታነቅ ምንም ያልሆኑት ኮፒዎች ሁሉ ሞተዋል ተባሉ። በግማሽ ደቂቃ ውስጥ ተገደሉ። ተነሱ። ሁሉም በአንዴ ኮኔክሽን ለመክፈት ተሻሙ። እንደገና ተገደሉ። ደንበኛው ባንኮኒው ጋ ቆሞ የሰማው ያንኑ የምናውቀውን «ሲስተም የለም» ነው።

የሚያናድደው፣ ምንም ባናደርግ ኖሮ ሪፖርቱ አልቆ ሁሉም ነገር በራሱ ይመለስ ነበር። ያንን ሌሊት የገደለው ሐኪሙ እንጂ በሽታው አልነበረም።

ስለዚህ ሌላውን ሳታነቡ ሁለት ነገር ፈትሹ። አንደኛ፣ የኮፒ ጣሪያችሁን በእያንዳንዱ ኮፒ ኮኔክሽን አባዙትና ዳታቤዛችሁ ከሚችለው ጋር አስተያዩት። ሁለተኛ፣ «በሕይወት አለህ?» የሚለው ጥያቄ ከራሱ ከፕሮግራሙ ውጭ ምንም እንዳይነካ አድርጉ። ዳታቤዝ መነካት ካለበት «ሥራ ለመቀበል ዝግጁ ነህ?» በሚለው በሌላኛው ጥያቄ ይሁን። ለእሱ መልስ ያጣ ኮፒ አይገደልም፤ ሥራ እንዳይላክለት ለጊዜው ከተራው ይወጣል እንጂ። እዚያም ላይ ቢሆን፣ ሁሉም በአንዴ «ዝግጁ አይደለሁም» ቢሉ ማን እንደሚቀር አስቡበት። ወደዚህ እመለሳለሁ።

ሜፕ-ኬን አንብበናል ስላላችሁ በአጭሩ ልለፈው። ሐሳቡ ከአይቢኤም የመጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 የድርጅቱ የምርምር ኃላፊ የነበረው ፖል ሆርን ሲስተሞች ሰው ሊያስተዳድራቸው ከሚችለው በላይ እየተወሳሰቡ ነው አለ። ሰውነታችን የልብ ምታችንን ሳንነግረው እንደሚያስተካክል፣ ኮምፒውተሮችም ራሳቸውን ይምሩ የሚል ጥሪ አቀረበ። በ2003 ጄፍሪ ኬፋርትና ዴቪድ ቼስ ነገሩን በጽሑፍ ቅርጽ አስያዙት። ተመልከት፣ ተንትን፣ አቅድ፣ ፈጽም። አራቱም ከአንድ የጋራ እውቀት ይቀዳሉ። ከዚያ ዙሩ ይደገማል።

ይህን ሥዕል አይተው አራት ሳጥን፣ አራት ሰርቪስ፣ አራት ሪፖዚተሪ የሚከፍቱ ሰዎች አጋጥመውኛል። አታድርጉት። ለአምስት ሰው ቡድን ጥቂት መቶ መስመር ያለው አንድ ፕሮግራም ይበቃል። ከሥዕሉ የምትወስዱት ትልቁ ቁም ነገር መለያየቱ ነው። አስተካካዩ ከዋናው ሲስተም ውጭ ይቀመጥ። እሱ ቢሞት ዋናው ባለበት ቁጥር ሥራውን ይቀጥል። ስትነድፉ «አስተካካዩ አሁን ቢጠፋ ምን ይሆናል?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱ «ገንዘብ መላክ ይቆማል» ከሆነ ንድፉ ገና ነው።

«ተመልከት» የሚለው ላይ ግን እንቆይ። ብዙው ጥፋት የሚጀምረው እዚያ ነው።

ይህ ጉዳይ ለእኛ ሩቅ አይደለም። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ከቦሌ ወደ ናይሮቢ የተነሳው የበረራ ቁጥር 302 ተከሰከሰ፤ የ157 ሰዎች ሕይወት አለፈ። በዚያ ቦይንግ 737 ማክስ ውስጥ ኤምካስ የሚባል ሶፍትዌር ነበረ። ሥራው አውሮፕላኑ እየበረረ አፍንጫው ከልክ በላይ ቀና ያለ ሲመስለው ራሱ ዝቅ ማድረግ ነው። ይህ እንግዲህ እየሠራ ራሱን የሚያስተካክል ሶፍትዌር ነው፤ ያውም ሕይወት የተሸከመ። አውሮፕላኑ ክንፉ ከሚመጣው አየር ጋር የሚሠራውን አንግል የሚለኩ ሁለት ሴንሰሮች ነበሩት። ኤምካስ የሚያዳምጠው ግን አንዱን ብቻ ነበር። የግራው ሴንሰር 74.5 ዲግሪ ሲል የቀኙ ከ15.3 አላለፈም። በአንድ አውሮፕላን ላይ፣ በአንድ ቅጽበት። ሁለቱን ያየ ማንም ሰው አንዱ እንደተሳሳተ ያውቃል። ሶፍትዌሩ ግን ሁለቱን አላየም። የግራውን አመነና አፍንጫውን ደጋግሞ ወደ ታች ገፋ። ከአምስት ወር በፊት ኢንዶኔዥያ ውስጥ የላየን ኤር አውሮፕላንም የወደቀው በዚሁ ሶፍትዌር ምክንያት በተመሳሳይ መንገድ ነበር፤ 189 ሰዎች አልቀዋል።

አደጋው ብዙ ገጽ አለው። ለእኛ ሙያ ግን ከሁሉም በላይ የሚያስተምረው ከዚያ በኋላ የተደረገው ማስተካከያ ነው። አዲሱ ኤምካስ ሁለቱንም ሴንሰር ያነጻጽራል፤ ካልተስማሙ እጁን ይሰበስባል። ለአንድ ክስተት አንድ ጊዜ ብቻ ይገፋል፤ አይደጋግምም። የሚገፋውም ኃይል አብራሪው መሪውን ስቦ ሊያሸንፈው ከሚችለው አይበልጥም። አንዱም ለውጥ ሶፍትዌሩን የበለጠ ብልህ አላደረገውም። ሦስቱም ልጓም ናቸው።

ወደ እናንተ ሲስተም እናምጣው። ሁለት ምስክር ሳይቀርብ አይፈረድ። የምላሽ ጊዜ ከፍ ማለቱ አንድ ምስክር ነው። በደቂቃ የሚመጣው የጥያቄ ብዛት ሌላው ነው። ሁለቱም ከፍ ካሉ፣ እውነትም ሰው በዝቷል፤ ኮፒ ጨምሩ። የምላሽ ጊዜው ጨምሮ የጥያቄው ብዛት ባለበት ከሆነ፣ ችግሩ ከኋላ ነው፦ ዳታቤዙ፣ የባንኩ መስመር፣ የኤስኤምኤስ ላኪው። ያን ጊዜ ኮፒ መጨመር የታነቀ ሰው አፍ ላይ ጉርሻ መጨመር ነው። የእኛ አስተካካይ ይህችን አንዲት ማነጻጸሪያ ቢኖረው ኖሮ ያን ሌሊት ተኝተን እናድር ነበር።

ቀጥሎ ጊዜው። በኤሌክትሪክ ምጣድ እንጀራ የጋገረ ሰው ይህን ከማንኛውም መሐንዲስ የተሻለ ያውቀዋል። ምጣዱ ሸክላ ነው። ቶሎ አይግልም፤ ከጋለም ቶሎ አይበርድም። ጀማሪ ጋጋሪ የመጀመሪያው እንጀራ ዓይን አላወጣ ሲለው ሙቀት ይጨምራል። ሁለተኛውም አላወጣ ይላል፤ አሁንም ይጨምራል። ሦስተኛው ላይ የጨመረው ሁሉ አንድ ላይ ይደርስና ሥሩ ያራል። ደንግጦ ያጠፋዋል። አምስተኛው ሊጥ ሆኖ ይቀራል። እናቴ ግን አንዴ ትነካዋለች፣ ከዚያ አንድ ሁለት እንጀራ እስክታወጣ አትነካውም።

የእናንተ ኮፒ ተነስቶ ሥራ እስኪቀበል 90 ሰከንድ ፈጀ እንበል። አስተካካዩ በየ15 ሰከንዱ የሚያይ ከሆነ፣ የመጀመሪያው እርዳታ እስኪደርስ 6 ጊዜ ይደነግጣል። 6 ጊዜም ይጨምራል። ከዚያ ሁሉም ይደርሱና ሥራ ይፈታሉ። «በዛ» ብሎ ይቀንሳል። እንደገና ያጥራል። ግራፉ የእንጦጦ መንገድ ይመስላል። መድኃኒቱ ቀላል ነው፦ አንድ እርምጃ ከወሰደ በኋላ የእርምጃው ውጤት እስኪታይ አፉን ይዝጋ። የምጣዳችሁን ሸክላ ለኩ። ኮፒያችሁ ከትእዛዝ እስከ ሥራ ስንት ሰከንድ ይፈጃል? ይህን ቁጥር ሳያውቁ አስተካካይ መጻፍ አይቻልም።

ኩበርኔቲስ ላይ ከሆናችሁ አብሮት የሚመጣው ኮፒ ጨማሪ ይህን በመጠኑ ያውቃል። በየ15 ሰከንዱ ያያል። ስሌቱ ተራ ማባዛትና ማካፈል ነው። 4 ኮፒ አላችሁ፤ ሲፒዩ 50 በመቶ ላይ እንዲሆን ትፈልጋላችሁ፤ አሁን 80 ላይ ነው። 4 በ80 ተባዝቶ ለ50 ሲካፈል 6.4። ወደ ላይ ይጠጋጋና 7 ይሆናል። ልዩነቱ ከ10 በመቶ በታች ከሆነ አይነካም። ለመቀነስ ሲሆን ደግሞ ያለፉትን 5 ደቂቃዎች ይመለከትና ከፍተኛውን ቁጥር ይዞ ይቆያል። ለመጨመር ግን አይጠብቅም። ቤታችሁ ውስጥ ለፍሪጅ የገዛችሁት የኃይል መከላከያም ያው ነው። መብራት ሲጠፋ ወዲያው ይቆርጣል፤ ሲመጣ ግን ደቂቃ ቆጥሮ፣ መብራቱ መርጋቱን አረጋግጦ ነው የሚያበራው። ጉዳት በሌለበት አቅጣጫ ፈጣን፣ ጉዳት ባለበት አቅጣጫ ዘገምተኛ።

የትኛው አቅጣጫ ነው ጉዳት የሌለው የሚለው ግን እንደየነገሩ ይለያያል። እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 1986 በካሊፎርኒያ በሎውረንስ በርክሌይ ላብራቶሪና በበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ መካከል ያለው መስመር ከ32 ኪሎቢት በሰከንድ ወደ 40 ቢት ወረደ። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት 400 ያርድ ብቻ ነበር። ምክንያቱ፣ መልእክት ሲጠፋ ሁሉም ላኪ ደግሞ ይልካል፤ መደጋገሙ ራሱ መስመሩን ይዘጋዋል። የላብራቶሪው ተመራማሪ ቫን ጃኮብሰን ያመጣው መፍትሔ ዛሬም ስልካችሁ ውስጥ አለ። መልእክት ከጠፋ ፍጥነትህን በአንዴ ቀንስ፣ ከዚያ ቀስ በቀስ ጨምር። እዚህ ላይ መቀነሱ ነው ፈጣኑ። የእናንተም ፕሮግራም የባንኩን መስመር ደጋግሞ ሲሞክር እንደዚያው ይሁን፦ 1 ሰከንድ፣ 2፣ 4፣ 8። በየመሃሉም እንደ ዕጣ የሚለያይ ጥቂት ጊዜ ጨምሩበት። አለዚያ ሺህ ስልኮች በአንድ ሰከንድ አብረው ይመለሱባችኋል።

ሌላው ብዙ ሰው የሚዘነጋው፣ ማስተካከል ማለት ሰርቨር መጨመር ብቻ አለመሆኑን ነው። በአሜሪካ ካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ ዴቪድ ጋርላንና ባልደረቦቹ ሬይንቦ በሚባለው ሥራቸው የተጠቀሙበት ምሳሌ የዜና ድረ ገጽ ነው። አንባቢ ሲበዛ ገጹ ቪዲዮና ምስሉን ትቶ ጽሑፍ ብቻ ያቀርባል። አንባቢው ዜናውን ያገኛል። ለእናንተ ይህ ወርቅ ነው። በደመወዝ ቀን የሦስት ወር የሒሳብ ዝርዝር ማውረድ የግድ ነው? የደረሰኝ ምስል ማዘጋጀት አሁን ካልሆነ ሞቼ እገኛለሁ የሚያሰኝ ነው? እነሱን «ከግማሽ ሰዓት በኋላ ይሞክሩ» በሉና ዋናውን፣ ገንዘብ መላክና ቀሪ ማየትን፣ አትርፉ። ሰርቨር ገንዘብ ያስወጣል፣ ለዚያውም ዶላር። ይህ ግን በነጻ ነው። ጾም ሲገባ ምግቡ እንደሚቀንሰው ሲስተሙም ይጹም።

በዚሁ አጋጣሚ፣ በጭራሽ የማይስተካከል ነገር ዝርዝር ይኑራችሁ። የሒሳብ መዝገቡ አይነካም። የዝውውር ገደብ አይነካም። የማጭበርበር ማጣሪያ «ስለዘገየ» ተብሎ አይዘለልም። የክፍያ ትእዛዝ ያለ ልዩ መለያ ቁጥር አይደገምም። አስተካካዩ እነዚህን ለመንካት ፈቃዱም የይለፍ ቃሉም አይኑረው። «አይነካም» ብሎ ኮድ ውስጥ መጻፍ አይበቃም። በሩ ራሱ አይኑር።

አንድ አስተካካይ ካላችሁ ጥሩ። ሁለት ሲሆኑ ሌላ ታሪክ ይጀምራል። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 19 እና 20 ቀን 2025 በአማዞን ክላውድ ላይ በሰሜን ቨርጂኒያ የደረሰውን ታስታውሱ ይሆናል። ብዙ አፖች አብረው ወደቁ። መነሻው ዳይናሞዲቢ የሚባለው ዳታቤዝ አድራሻዎቹን ራሱ የሚያድስበት ሲስተም ነበር። አንዱ ክፍል እቅድ ያወጣል። ሌሎች አስፈጻሚዎች፣ አንዱ ቢሞት ሌላው እንዲሠራ ብለው በየቦታው የተቀመጡ፣ እቅዱን ይተገብራሉ። አንዱ አስፈጻሚ ዘገየ። እሱ ሲንቀራፈፍ ሌላው አዲሱን እቅድ ተግብሮ አሮጌዎቹን ማጽዳት ጀመረ። ልክ በዚያ መሃል ቀርፋፋው ደረሰና አሮጌውን እቅድ በአዲሱ ላይ ጫነው። ጽዳቱ ደግሞ «ይህ አሮጌ ነው» ብሎ እሱን ሰረዘው። የአድራሻው መዝገብ ባዶ ቀረ። ሲስተሙ ራሱን ማረም አልቻለም፤ ሰው ገብቶ በእጁ ማስተካከል ነበረበት።

እቅድ አውጪውም አስፈጻሚውም እያንዳንዱ ለብቻው ሲታይ ሥራውን ነው የሠራው። ለዚህ ነው እያንዳንዱ እቅድ ተራ ቁጥር ይኑረው የምለው። በመፈጸሚያዋ ቅጽበት ላይ «አሁን ካለው ቁጥር ያነሰ ከያዝክ ተመለስ» የሚል ፍተሻ ይኑር። ከአንድ ደቂቃ በፊት የተደረገ ፍተሻ ፍተሻ አይደለም። ባዶ ዝርዝር ወይም ዜሮ ኮፒ የሚል ትእዛዝ ደግሞ ከየትም ቢመጣ አይፈጸም።

«እየሠራ ሳናቆም መቀየር ይቻላል?» ላላችሁት፣ ይቻላል፤ ይህ የቆየ ጥያቄ ነው። ለንደን ኢምፔሪያል ኮሌጅ የነበሩት ጄፍ ክሬመርና ጄፍ ማጊ በ1990 መልሱን አስቀምጠዋል። አንድ ክፍል የሚቀየረው ሲረጋ ነው። መርጋት ማለት መሃል ላይ የያዘው ጉዳይ የለም፣ አዲስም አይጀምርም፣ ሌላውም በእሱ ላይ የጀመረው የለም ማለት ነው። ታክሲ ሹፌር የሚቀይረው ተራ ላይ ቆሞ፣ ሰው አውርዶ ነው እንጂ መገናኛ አደባባይ ላይ እየዞረ አይደለም። በተግባር፣ ኩበርኔቲስ አንድ ኮፒ ሲያስወግድ መጀመሪያ «ጨርስ» የሚል ምልክት ይልክና ካልቀየራችሁት 30 ሰከንድ ይጠብቃል። ከዚያ ይገድለዋል። ፕሮግራማችሁ ያንን ምልክት ይሰማል? ብዙው አይሰማም። የባንኩ መልስ 45 ሰከንድ ሊፈጅ የሚችል ከሆነ ደግሞ 30 ሰከንዱ አይበቃም። አስተካካያችሁ ኮፒ በቀነሰ ቁጥር መሃል ላይ የቀረ ዝውውር ይፈጠራል። ኤርላንግ የሚባለው ከኤሪክሰን የወጣው ቋንቋ ኮዱን ራሱን እየሠራ ይቀይራል፤ አሮጌውንና አዲሱን ጎን ለጎን ይይዛል። ውብ ነው። ለእናንተ ግን አያስፈልግም። ኮፒ በኮፒ መተካት ይበቃችኋል።

ማሽን ለርኒንግ? አሁን አይደለም። በዓመት 12 የደመወዝ ቀን ነው ያላችሁ። ጳጉሜ እንደምታውቋት ደመወዝ የላትም። በ12 ምሳሌ ምን ይማራል? ደግሞም የደመወዝ ቀን ምሥጢር አይደለም፤ ካላንደር ላይ አለ። የምታውቁትን ነገር ማሽን እስኪገምትላችሁ ለምን ትጠብቃላችሁ? ከዋዜማው ጀምሮ ኮፒ ከፍ የሚያደርግ ተራ የጊዜ ሰሌዳ ከችግራችሁ ትልቁን ክፍል ይወስዳል። አስተካካዩ ለቀረው ድንገተኛ ነገር ይሁን።

የጊዜ ሰሌዳ ሲባል ግን፣ ክሮን፣ በተወሰነ ሰዓት ሥራ የሚያስነሳው ፕሮግራም፣ የሚያውቀው የፈረንጅ ቀን ነው። ደመወዙ በእኛ ወር የሚገባ ከሆነ ቀኑ በፈረንጁ ወር ላይ ይንሸራተታል። የቀኖቹን ዝርዝር በፋይል አስቀምጡና ከዚያ ይነበብ። ሰዓቱም አለ። አንድ ባልደረባችን «ከጠዋቱ 2 ሰዓት» ለማለት ክሮኑ ላይ 2 ብሎ ጻፈ። ሰርቨሩ የሚቆጥረው በዩቲሲ፣ ከእኛ 3 ሰዓት ወደኋላ በሆነው የዓለም ሰዓት፣ ነበር። ኮፒዎቹ በየቀኑ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ እየተነሱ ባዶ መንገድ ይጠብቁ ነበር። መጻፍ የነበረበት 5 ነው። ሦስት ወር ማንም አላወቀም፤ ያወቅነው ከሒሳብ መጠየቂያው ነው።

እንግዲህ ስትጀምሩ፣ አስተካካዩን እጁን አስራችሁ አስጀምሩት። ይይ፣ ይተንትን፣ ያቅድ፤ ግን አይፈጽም። የቡድናችሁ ቴሌግራም ላይ ብቻ ይጻፍ፦ «8፡15። የምላሽ ጊዜ 2.6 ሰከንድ። ጥያቄ በደቂቃ 900፤ ትናንት በዚህ ሰዓት 880። ሰው አልበዛም። ምንም አላደርግም፤ ዳታቤዙን እዩ።» ቢያንስ ሁለት የደመወዝ ቀን በዚህ መልክ ይለፍ። እናንተ በእጃችሁ ያደረጋችሁትን እሱ አደርግ ነበር ካለው ጋር አስተያዩ። ሲስማማችሁ መጀመሪያ የመጨመር ፈቃድ ስጡት፤ መቀነሱን በኋላ። በሰዓት ከ3 እርምጃ በላይ መውሰድ ካማረው ደግሞ ይቁምና ሰው ይጥራ።

ማጥፊያውን አደራ። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 4 ቀን 2021 ፌስቡክ፣ ዋትስአፕና ኢንስታግራም ለ6 ሰዓት ገደማ ጠፍተው ነበር። በጥገና ላይ የተሰጠ አንድ ትእዛዝ የውስጥ መስመራቸውን ቆረጠው። አድራሻ ሰጪዎቹ ሰርቨሮች ደግሞ ዋናውን ማእከል ማግኘት ካልቻሉ «እኔ ታምሜያለሁ፣ ወደ እኔ አትምጡ» ብለው ራሳቸውን ከኢንተርኔት እንዲያወጡ ተደርገው የተሠሩ ነበሩ። ለአንድ ሰርቨር ይህ መልካም ጠባይ ነው። ያን ቀን ግን ሁሉም በአንዴ ታመምኩ አሉ። ቅድም እመለስበታለሁ ያልኩት ይህ ነው፦ ከግማሽ በላዩ በአንዴ ታመምኩ ካለ፣ የታመመው ሌላ ነገር ነውና ማንም እንዳይወጣ የሚል ደንብ ይኑራችሁ። መሐንዲሶቹ ለመጠገን ሲሞክሩ ደግሞ የውስጥ መሣሪያዎቻቸውም በዚያው መስመር ላይ ስለነበሩ አብረው ጠፍተው ነበር። ስለዚህ የእናንተ ማጥፊያ በሲስተሙ ውስጥ የሚያልፍ አይሁን። አስተካካዩ በየዙሩ መጀመሪያ ላይ የሚያያት አንዲት ፋይል ትበቃለች። ፋይሏ ከሌለች አይንቀሳቀስም። ከአምስታችሁ ማንኛችሁም፣ በሌሊትም ቢሆን፣ በአንድ ትእዛዝ ልታጠፏት ትችሉ።

የኮፒ ጣሪያችሁን፣ በኮፒ የምትከፍቱትን ኮኔክሽን፣ የዳታቤዙን ጣሪያና አንድ ኮፒ ተነስቶ ሥራ እስኪቀበል የሚፈጀውን ሰከንድ ጽፋችሁ ላኩልኝ። አራት ቁጥር ነው። ከዚያ የመጀመሪያውን ዙር ምን ያህል ቀስ እንደምታደርጉት አብረን እናሰላዋለን።